በተሻሩት ኖቶች ጀርባ

ይህን ሲያነብ "አቤት ፈጠራ!" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል። እኔ ግን ፈጠራ የሚሆንልኝ ሰው አይደለሁም። ሥራዬ መነጽር መጠገን ነው። ብሎኑ የወደቀውን፣ ክንዱ የተሰበረውን አስተካክላለሁ። በቃ።

የሆነው ባለፈው ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። እዚሁ እኛው ቤት።

ፀሐይዋ ፏ ብላለች። ጎረቤት ልብስ ያሰጣል። መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፋል...

እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ ይመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ግን ከሥር ልጀምርላችሁ።

የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። "እታለም" እላታለሁ። እናታችን ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አጥባ፣ አብልታ፣ ጆሮዬን ቆንጥጣ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዛሬ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እሷ ግን አሁንም "ጩጬ" ነው የምትለኝ። ደንበኛ ፊት እንኳ አትምረኝም።

መጠጥ አልጠጣም፣ ቁማር አላውቅም። አንድ አመል ብቻ አለችኝ፤ የተሻረ የወረቀት ገንዘብ እሰበስባለሁ።

የፈረሰ መንግሥት ያሳተመው፣ ስሙን የቀየረ አገር የጣለው፣ ዋጋው ወድቆ ወድቆ ዜሮ የተደረደረበት... የየትኛውም አገር ይሁን፣ ከስርጭት ከወጣ እፈልገዋለሁ። እንደኔ ካበዱ ሰዎች ጋር በፖስታ እለዋወጣለሁ። ሠላሳ ዓመት ሆነኝ።

"ሚሊዮን ታቅፎ የዳቦ መግዣ የሚበደር የኔ ወንድም ብቻ ነው" ትላለች እታለም።

ከሦስት ዓመት በፊት እታለምን ስትሮክ መታት። አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛች። አሥራ አንዱንም ቀን አልጋዋ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ እየተኛሁ አስታመምኳት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ክንዷን ደግፌ ወደ ቤት ተመለስን።

ቀኝ እጇ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ ይዛ አታውቅም።

አመሏም ትንሽ ተለወጠ። ሻይ ካላቃጠላት የማትጠጣው ሴት ቀዝቃዛ መጠጣት ጀመረች። ዕቃ ስታጥብ ማንጎራጎሯን ተወች። ሐኪሙ "ሕመሙ ጠባይ ይለውጣል፤ አትደንግጡ" አለን።

አልደነገጥንም።

እስከ ባለፈው ወር ድረስ...

አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ኖት የሚቀመጠው ኪስ ኪስ ባለው አልበም ውስጥ ነው። አልበም ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ እኔን የመሰለ ቆንቋና ሰብሳቢ ሁለት ኖቶችን ጀርባ ለጀርባ ገጥሞ በአንድ ኪስ ይከታል። ከዚህ በኩል አንዱ ፊት ይታያል፤ ገጹን ስትገልጡ የሌላው ፊት።

ጀርባቸውን ግን ማንም አያይም። ለዓመታት። ባለቤቱም ጭምር።

ባለፈው ወር አዲስ አልበም ገዛሁና ኖቶቹን ማዛወር ጀመርኩ። አንዱን ጥንድ ከኪሱ አውጥቼ ስለያየው...

ጀርባው ላይ ተጽፎበታል።

በሰማያዊ ቀለም፣ በራሳችን ፊደል። ባሕር ማዶ ታትሞ እኔ ሳልወለድ የተሻረ ኖት ላይ!

"ጩጬዬ፣ ቀስ ብለህ አንብብ።"

ጽሑፉን አወቅኩት። የደብተሮቼን ሽፋን ሁሉ የጻፈችልኝ እሷ ናት። ብዕሩን ስትጫን ወረቀቱ ከኋላ ያብጣል፤ የመጨረሻውን ፊደል ጭራ ታስረዝማለች።

መዝገቤን አወጣሁ። ኖቱን ስገዛ በራሴ እጅ "ጀርባው ንጹሕ" ብዬ ጽፌያለሁ።

መጀመሪያ ተናደድኩ እንጂ አልፈራሁም። ለሰብሳቢ ኖቱ ላይ እንደመጻፍ ያለ በደል የለም። ወጥ ቤት ሄድኩ።

"እታለም፣ አልበሜን ነክተሻል?"

"ያንተን ቆሻሻ ምን ላድርገው ብዬ?"

"እውነቱን ንገሪኝ።"

"ምን ሆነሃል ጩጬ? ፊትህ አመድ መስሏል።"

ቀኝ እጇን አየሁት። ማንኪያው እጇ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። በዚህ እጅ ያንን መጻፍ አይቻልም።

ታዲያ ማን ጻፈው?

ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ አጉሊ መነጽሬን አነሳሁ። ይህን ብልሃት ሰብሳቢ ሁሉ ያውቀዋል። ኖቱ ከታጠፈ በኋላ የተጻፈ እንደሆነ ቀለሙ እጥፋቱ ውስጥ ይሰርጋል። ከመታጠፉ በፊት ከተጻፈ ግን ቀለሙ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል።

ይህኛው ተሰንጥቋል።

እጥፋቱ ሰው ሲገበያይበት የመጣ ነው። ይህ ማለት ኖቱ ገና አዲስ ሳለ፣ እታለም ራሷ ፊደል ሳትቆጥር ነው የተጻፈው።

ሁለት ጊዜ አየሁት... ሦስት ጊዜ አየሁት... መነጽሩን ወልውዬ ደግሜ አየሁት።

ያው ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ በየቀኑ አንድ አንድ ገጽ ብቻ መፍታት ጀመርኩ። ሁሉንም በአንዴ ለማየት ወኔ አልነበረኝም። ብዙው ንጹሕ ነው። በአራተኛው ቀን፣ ከሌላ አገር፣ ከሌላ ዘመን በመጣ ኖት ላይ ሁለተኛውን አገኘሁ።

"ከሆስፒታል ይዘሃት የሄድከው እኔን አይደለም።"



በሩ ላይ ኮቴ ሰማሁ። እታለም ሻይ ይዛ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም።

"ምን ታነባለህ?"

"ምንም።"

ሻዩን አስቀምጣ ሄደች። አልጠጣሁትም።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዷን ነገር ማየት ጀመርኩ። ድሮ በር ገርበብ አድርጋ የምትተኛ ሴት አሁን ለምን ትዘጋለች? ስጠራት ለምን ትንሽ ቆይታ "አቤት" ትላለች? ምግብ ላይ ሳላያት ለምን አተኩራ ታየኛለች?

ለሁሉም መልስ አለ፤ ሕመም ነው፣ እርጅና ነው። ግን ጥርጣሬ አንዴ ከገባ መች ይወጣል? ጠዋት እርግፍ አድርጌ ልተወው እላለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በበሩ ቀዳዳ ሳያት እገኛለሁ።

አንድ ምሳ ላይ ልፈትናት ወሰንኩ።

"እታለም፣ ግንባሬ ላይ ያለው ጠባሳ ከምን ነበር?"

ጉርሻዋን ዋጠች።

"ከበርሜል ላይ ወድቀህ ነዋ።"

እኔ የማስታውሰው ከደረጃ ላይ መውደቄን ነው። ደረጃው፣ ደሙ፣ የእታለም ጩኸት... ሁሉም ትዝ ይለኛል።

"ከደረጃ አልነበር?" አልኳት።

አየት አደረገችኝና ሳህኗን አነሳች።

በማግስቱ ሦስተኛውን አገኘሁ።

"ስመጣ በሩን ክፈትልኝ። እሷ እንዳትከፍት።"

ያን ቀን ያደረግሁትን ስናገር አፍራለሁ። ግን ስላደረግሁት እናገራለሁ። ለአጎታችን ልጅ ስልክ ደወልኩ። "እታለምን መጦር አቅቶኛል፤ ሰኞ መጥተሽ ውሰጂያት" አልኳት። የአጎታችን ልጅ ደነገጠች። ቤቷ ጠባብ ነው፣ አምስት ነፍስ አለባት። ግን እሺ አለች።

እታለም ከዚህ ቤት በቀር የምትሄድበት የላትም። አውቃለሁ። ቤቱን ሠላሳ ዓመት ከመዝገብ ቤት ደሞዟ እየቆጠበች የሠራችው እሷ ናት።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜ መጣን።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የአንዲት ሴትዮ መነጽር ፊቴ ተቀምጧል፤ እጄ ግን አልሠራ ብሎኛል። እታለም ሳታንኳኳ ገባች። ግራ ብብቷ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ ይዛለች።

"ሰኞ ልትሰደኝ ነው አሉ።"

መነጽሩን ወደ ጎን ገፋሁት።

"የአጎታችን ልጅ ነገረችኝ። እያለቀሰች።"

"እታለም..."

"ቆይ። እኔ ልናገር።"

ቆርቆሮውን ጠረጴዛዬ ላይ ከፈተችው። ውስጡ ኖቶች ናቸው። እኔ ጋ ሲደገሙ ትርፎቹን ለሷ ነበር የምሰጣት፤ ልጅ ሳለሁ ጠጠር እየለቀምኩ እንደምሰጣት። ትጥላቸው ይመስለኝ ነበር። አንዱንም አልጣለችም።

ሦስቱን መርጣ ገለበጠችና ፊቴ ደረደረች።

ጀርባቸው ላይ ተጽፎባቸዋል።

በደቃቅ፣ ወደ ቀኝ ባዘነበለ ጽሑፍ። በየአልበሙ ኪስ ላይ ቁጥር ስጽፍ የምጠቀምበት ጽሑፍ...

የራሴ ጽሑፍ።

"እታለም፣ አብሮሽ ከሆስፒታል የተመለሰው እኔ አይደለሁም።"

አጉሊ መነጽሩን አነሳሁ። እጥፋቱን ፈለግሁ። ቀለሙ ተሰንጥቋል።

"መቼ ነው ያገኘሻቸው?"

"ከሆስፒታል በተመለስን በወሩ።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ?! ለምን አልነገርሽኝም?"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደክሟታል።

"መጀመሪያ አላመንኩም። ያለፈው ሳምንት 'ከደረጃ ነው' ስትለኝ ግን... ጩጬ፣ ያደግንበት ቤት ደረጃ ኖሮት አያውቅም።"

ግንባሬን ዳሰስኩ።

"ፈራሁ፤ አልዋሽህም። ሌሊቱን በሬን ቆልፌ አሰብኩ። ጠዋት ሳይህ ግን ያው ጫማህን ሳታስር ትወጣለህ። ያው ቁርስ ሳትበላ ትሄዳለህ። ሆንክም አልሆንክም ወንድሜ ነህ አልኩ። አበቃ።"

አለቀስኩ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷ ሦስት ዓመት ተሸክማው ምሳዬን ስታቀርብ የኖረችውን ነገር እኔ አንድ ወር አልተሸከምኩትም። እግሯ ላይ ወደቅሁ።

"ይቅር በይኝ።"

"ተነሥ፣ ሱሪህ ይቆሽሻል።"

"ስልክ ደውዬ እንዳትመጣ እነግራታለሁ። አሁኑኑ።"

ስልኬን ሳነሣ...

በሩ ተንኳኳ።

ሦስት ጊዜ። በዝግታ።

ደንበኛ ይሆናል እንዳልል ደንበኛ የሚገባው በጎኑ በር እንጂ በዚህ አይደለም። እታለም ተነሥታ የመስኮቱን መጋረጃ በአንድ ጣቷ ገለጥ አደረገች።

ቆየች። በጣም ቆየች።

"ማነው?" አልኩ በሹክሹክታ።

"አንተ ነህ።"

ሄጄ ከኋላዋ አየሁ።

በራችን ላይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንድ ጎልማሳና አንዲት አሮጊት። ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶናል፤ ቁመቱ፣ ትከሻው፣ ማጅራቱ ላይ ያለችው ሽበት... የሴትየዋ ፊት ግን በደንብ ይታያል።

እንደገና ለማንኳኳት እጇን አነሳች። ቀኝ እጇን። አይንቀጠቀጥም።

አጠገባቸው ሰው ያልፋል። ጎረቤታችን ልብስ እያሰጣች "እንደምን ዋላችሁ" አለቻቸው። "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ ሁለቱም።

ሰውየው ሴትየዋን አየት አደረገና ጃኬቱን አወለቀ። አጥፎ የበሩ ድንጋይ ላይ አነጠፈላት። ክንዷን ደግፎ ቀስ ብሎ አስቀመጣት።

እኔ ለእታለም እንዲህ አድርጌላት አላውቅም። በዚያች ደቂቃ ከፍርሃቱ ይልቅ ያመመኝ እሱ ነው።

"ባይከፍትልንስ?" አለች ሴትየዋ።

"ይከፍታል" አላት። ድምፁ የኔ ድምፅ ነው። "የራሴን ጠባይ አጣሁት እንዴ? ይከፍታል።"

እታለም ከኋላዬ ሸሚዜን ጨብጣ ይዛለች።

"ጩጬ... አትክፈት... እባክህ..."

"አልከፍትም" አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት።

ሸሚዜን ለቀቀች። ድንገት ነው የለቀቀችው። ዞሬ አየኋት፤ እሷ ግን እኔን አታይም። ዓይኗ ወደ ታች፣ ወደ በሩ ነው።

እኔም ወደዚያው አየሁ።

መስኮቱ ጋ ነበር የቆምኩት። እንዴት በሩ ጋ እንደደረስኩ አላውቅም። መቀርቀሪያው እስከ ግማሽ ድረስ ተስቧል፤ የያዘውም የኔ እጅ ነበር።