አንድ እጅጌ ብቻ ቀርቶታል

በአውቶቡስ መናኸሪያው መስታወት ኋላ ተቀምጣ ትኬት የምትቆርጠው ሴት ክፉ ሰው አይደለችም። ታሪኳን የሚያነብ ሁሉ ይህን ከወዲሁ ይወቅላት፤ አለዚያ ፈርዶባት ያልፍና በራሱ ቤት ያለውን ሳያይ ይቀራል። እንዲያውም ጣጣዋ ሁሉ የመጣው ከደግነቷ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰው ሲለምናት እምቢ ማለት አይሆንላትም።

የሥራ ባልደረቦቿ "ልቃቂት" ይሏታል። ተሳፋሪ ጋብ ሲል እጇ ሥራ አይፈታም፤ ከወንበሯ ሥር ካስቀመጠችው ዘንቢል የሱፍ ክር እየሳበች ሹራብ ትሠራለች። ያየ ሁሉ እጇን ያደንቃል፤ ያደነቀ ሁሉ ደግሞ ይለምናል። በር ላይ የምትቆመው የፍተሻ ሠራተኛ ለልጇ ኮፍያ ለመነቻት፤ እሺ አለች። የረጅም መንገድ ሾፌሩ የአንገት ልብስ ጠየቃት፤ እሺ። ጎረቤቷ ካልሲ፣ የአለቃዋ ሚስት ለምትወልደው ሕፃን መጠቅለያ፤ ለሁሉም እሺ። ዘንቢሉ ሲሞላ ወደ ፌስታል፣ ፌስታሉ ሲሞላ ወደ አልጋ ሥር ተሻገረች። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ያለቀ የሚባል አንድም አልነበረም። ኮፍያው አናቱ ሳይዘጋ፣ ካልሲው አንድ እግሩ ብቻ ተሠርቶ፣ የአንገት ልብሱ ለድመት እንኳ ሳይበቃ ተቀምጧል።

መጀመር ይጣፍጣታል። አዲስ ክር ሲፈታ፣ የመጀመሪያዎቹ ረድፎች በመርፌው ላይ ሲደረደሩ ደስ ይላታል። ወደ መሐል ሲደርስ ግን ያው ረድፍ ተመልሶ ያው ረድፍ ይሆንባታል። ያን ጊዜ ቀስ ብላ ወደ ጎን ታደርገውና ሌላ ትጀምራለች። "ነገ እመለስበታለሁ" ትላለች። በእሷ ቤት ነገ የማያልቅ ክር ነው።

ከእነዚህ ሁሉ አንዱ ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረም። የአባቷ ሹራብ ነው።

አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው ዝሎ ይኖራል፤ ክንዳቸውን ወደ ላይ ሲያነሱት ያማቸዋል። ስለዚህ በጭንቅላት የሚጠለቅ ሹራብ አይሆንላቸውም፤ የተገዛ ጃኬትም ቢሆን እጅጌው ውስጥ ያን እጅ ማስገባት መከራ ነው። ብርድ ልብስ ሲደርቡላቸው በግራ እጃቸው ጨብጠው ይቆዩና ሲደክማቸው ይወድቃል። የሚኖሩት ከታላቅ ወንድሟ ጋር ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ሲሆን፣ ቤቱ ደግሞ ፀሐይ የማይገባበት ምድር ቤት ነው። ሐኪሙ "ደረታቸው ብርድ እንዳያገኘው፤ ሳንባቸው ደካማ ነው" ብሎ አስጠንቅቋል።

ይህን የሰማች ዕለት ትኬት ቆራጯ አባቷን በክር ለካቻቸው። ከአንገት ጀምሮ በትከሻ ላይ አልፎ እስከ እጅጌው ጫፍ ድረስ በቁልፍ የሚከፈት ሹራብ አሰበች። ክንዳቸውን ሳያነሱ፣ እጃቸው ባለበት እንዳለ የሚለበስ። እንዲህ ያለ ሹራብ ሱቅ ውስጥ አይገኝም።

"ብርዱ ሳይገባ ይደርስልዎታል አባባ" አለቻቸው።

"እጅሽ ይባረክ እናቴ" አሉ።

ግራጫ ክር ገዝታ በደስታ ጀመረች። ጀርባው አንድ ስንዝር ያህል ሲሆን ግን ሾፌሩ ስለ አንገት ልብሱ አስታወሳት። ወፍራሙ መርፌ ያላት አንድ ጥንድ ብቻ ነበር። ከአባቷ ሹራብ ላይ መርፌውን ስባ አወጣችና በመርፌው ላይ የነበሩት የክር ቀለበቶች እንዳይተረተሩ በቀጭን ክር ሰክታ ዘንቢሉ ሥር ከተተችው። "ለአጭር ጊዜ ነው" አለች ለራሷ። ቆይታ ደግሞ ለኮፍያው ጠርዝ ግራጫ ክር አነሳትና ከአባቷ ልቃቂት ላይ ቆረጠች። ያንንም "እተካዋለሁ" አለች።

አንድ እሑድ ልትጠይቃቸው ስትሄድ አባቷ በፈገግታ "ሹራቤስ?" አሏት።

እውነቱን ብትናገር ፊታቸው ይጠቁራል። ያንን ማየት ፈራች። "አንድ እጅጌ ብቻ ነው የቀረኝ" አለች።

ፊታቸው በራ። ልጃቸውን ጠርተው "ሰማህ? አንድ እጅጌ ብቻ ቀርቶታል" አሉት። እሷም አብራ ሳቀች።

ፍርሃቷ የጀመረው ያን ቀን ነው። በሚቀጥለው እሑድ "ሥራ በዛብኝ" ብላ ቀረች። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ስልኳ ሲጮህ "አባባ" የሚለውን ካየች በፊቱ ደፍታ ታስቀምጠዋለች፤ እስኪያቆም ድረስም ትንፋሿን ትይዛለች። ዘንቢሉን በከፈተች ቁጥር ግራጫው ክር ከታች ብቅ ሲል ዐይኗን ታዞራለች። ይባስ ብሎ ከዚያ ፍርሃት ለማምለጥ የምታውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ አዲስ ነገር መጀመር። በፈራች ቁጥር ትጀምራለች፤ በጀመረች ቁጥር የአባቷ ሹራብ አንድ ንብርብር ወደ ታች ይቀበራል።

የፍተሻ ሠራተኛዋ ይህን ታዝባ ኖሮ አንድ ቀን ከመስታወቱ ሥር ጎንበስ ብላ ጠየቀቻት።

"አንቺ ልቃቂት፣ የአባትሽ ሹራብ እንዴት ሆነ?"

"እደርስበታለሁ።"

"ብርዱ እኮ ገባ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው እህቴ። የልጄን ኮፍያ ተይውና የሳቸውን ጨርሺ። እሱንም ካልቻልሽ አልቻልኩም በያቸው፣ ሌላ ዘዴ ይፈልጉ።"

"አባቴን? ለአባቴ አልቻልኩም ከምል ምላሴ ይቆረጥ። ሰው ፊት ለፊት እምቢ አይባልም፤ እሺ ብሎ ማቆየት ነው የሚሻለው።"

"የሚሻለው ለማን ነው?" አለች የፍተሻ ሠራተኛዋ። ወረፋው ስለረዘመ መልሱን ሳትጠብቅ ወደ በሯ ተመለሰች።

ብርዱ በዚያ ዓመት ጠና። ተሳፋሪው ሁሉ እጁን ኪሱ ከትቶ ትኬት በጥርሱ ይዞ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። አንድ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። አባባ። ደፋችው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጮኸ፤ የወንድሟ ስም ነው። እሱ በሥራ ሰዓት ደውሎ አያውቅምና ወዲያው አነሳችው።

"አባባ ሆስፒታል ገብተዋል" አላት። "ሳንባ ምች ነው አሉ። ቶሎ ነይ።"

መስኮቱን እንዴት እንደዘጋች አታውቅም። ዘንቢሉን ግን አንጠልጥላ ነበር የወጣችው። በታክሲው ውስጥ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠዋት የደወሉት ምን ሊሉ ነበር?

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወንድሟ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሐኪሞቹ ውስጥ ስለሆኑ መግባት አይቻልም። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሳል ድምፅ ይሰማል፤ ሲዘጋ ጸጥ ይላል፤ ጸጥታው ደግሞ ከሳሉ ይብሳል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እጇ ሳታዘው ዘንቢሉ ውስጥ ገብቶ መፈለግ ጀመረ። ኮፍያውን አወጣች፣ ካልሲውን፣ መጠቅለያውን። ከሁሉ ሥር ግራጫውን አገኘች። አሁን ብጀምር፣ ቶሎ ቶሎ ብሠራ ብላ ስትስበው የሰካችበት ቀጭን ክር ሾልኮ ወጣ። ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። ይዛ ልታቆማቸው ስትሞክር ይባስ ተተረተሩ፤ ያቺው አንድ ስንዝር እንኳ በዐይኗ ፊት ግማሽ ሆነች።

ወንድሟ ቆሞ ያይ ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?"

የተተረተረውን ክር በመዳፏ ሰበሰበች።

"አንድ እጅጌ የቀረው ሹራብ ይሄ ነው?"

"ጋሼ፣ አሁን ልሠራው..."

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለ፤ ድምፁን ግን ከፍ አላደረገም። "አጠገባችን ያለው ልብስ ሰፊ ምን እንዳላቸው ታውቂያለሽ? ጃኬታቸውን አምጡልኝ፣ እጅጌውንና ትከሻውን ቀድጄ ቁልፍ ላድርግበት፣ ዛሬውኑ ይለብሱታል አላቸው። አንዴም አይደለም፣ ደጋግሞ ነው የጠየቀው። እምቢ አሉት። 'ልጄ እየሠራችልኝ ነው፣ አንድ እጅጌ ብቻ ነው የቀራት፣ የሌላ ለብሼ ብጠብቃት ይከፋታል' እያሉ ነው በስስ ሸሚዝ የተቀመጡት። እኔም አምኜሽ አላስገደድኳቸውም።"

ትኬት ቆራጯ አላለቀሰችም፤ ለማልቀስ እንኳ ፈርታ ነበር። ሹራብ አለመሥራቷ አይደለም አባቷን ለብርድ የሰጣቸው። ሹራቡማ ባይጀመርም ልብስ ሰፊው ነበረ። ያንን በር የዘጋችባቸው በራሷ አፍ፣ ደስ እንዲላቸው ብላ በተናገረችው አንድ ቃል ነው።

ነርሷ ወጥታ "አንድ በአንድ፣ ለጥቂት ጊዜ" ስትላቸው ወንድሟ በእጁ አሳለፋት።

አባቷ አፍና አፍንጫቸው ላይ ኦክስጅን ተደርጎላቸዋል። ደረታቸው በጣም ይፈጥናል። ሲያዩዋት በግራ እጃቸው ጭምብሉን ትንሽ ገለጥ አደረጉት።

"ጠዋት ደውዬልሽ ነበር" አሉ በተቆራረጠ ድምፅ። "በሹራቡ አትቸኩዪ፣ ዐይንሽን ትጎጃለሽ ልልሽ ነው። አመጣሽው እንዴ?"

"እሺ" የምትለው ምላሷ ዝግጁ ነበረች። "ነገ" ሊወጣት ምንም አልቀረውም። እንዲህ ላለ በሽተኛ እውነት መናገር ልቡን ማቆም መሰላት፤ ከሁሉም በላይ ያ አስፈራት። ያም ሆኖ ያ ሌላው ውሸት የት እንዳደረሳቸው ከፊቷ ተኝቷል።

"አላመጣሁም አባባ። አንድ እጅጌ አይደለም የቀረኝ፤ እጅጌ የሚባል ጭራሽ አልጀመርኩም። ዋሽቼዎታለሁ። እንዳይጠይቁኝ ብዬ ነው የቀረሁት፣ ስልክዎንም ያላነሳሁት።"

አባቷ አዩዋት እንጂ አልተቆጡም። ያልተቆጡበት ምክንያት ትንፋሽ ስላጡ ይሁን ወይም የሚሉት ስላጡ፣ እስከ ዛሬ አታውቅም። በመጨረሻ ዐይናቸውን ከእሷ ላይ አንስተው በሩ ላይ ወደ ቆመው ልጃቸው አዞሩ።

"ልብስ ሰፊውን ጥራልኝ" አሉት።

እሷን አላሏትም። ይህ ከማንኛውም ስድብ ይልቅ ጠልቆ ተሰማት።

ልብስ ሰፊውን ግን የጠራችው እሷ ናት። ወንድሟን "እኔ ልሂድ" ብላ ለመነችውና ጃኬቱን ከቤት ወስዳ ሱቁ ድረስ ሄደች። ሰፊው መነጽሩን አስተካክሎ አያትና "አንድ እጅጌ የቀራት ልጅ አንቺ ነሽ?" አላት፤ በየዋህነት ነበር የጠየቀው። "እኔ ነኝ" አለች። እየቀደደና እየሰፋ ሳለ አጠገቡ ተቀምጣ ቁልፎቹን አቀበለችው። ጃኬቱ በዚያው ቀን ደረሰ።

አባቷ ተረፉ። ከብዙ የፍርሃት ቀናት በኋላ በእግራቸው ከሆስፒታል ወጡ። ትንፋሻቸው ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም፤ ዛሬም ደረጃ ሲወጡ መሐል ላይ ቆመው ያርፋሉ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

እሷም ከአልጋ ሥር ያለውን ሁሉ አውጥታ ለየባለቤቱ መለሰች። "አልቻልኩም፣ ይቅርታ" አለች። የአለቃዋ ሚስት ለጊዜው አኮረፈች፤ ብዙም ሳትቆይ በሌላ ሴት አሠርታ መጣች። ሾፌሩ ከመንገድ ዳር አንድ የአንገት ልብስ ገዝቶ ኖሮ የእሷን ጭራሽ ረስቶት ነበር። የፍተሻ ሠራተኛዋ "እኔማ ኮፍያውን ለልጄ ሳይሆን ለልጅ ልጄ ነው ብዬ ነበር" ብላ ሳቀችባት። በእሷ አልቻልኩም ማንም አልሞተም።

ዘንቢሉ ውስጥ የቀረው ግራጫ ክር ብቻ ሆነ። በተተረተረው ላይ አልቀጠለችም፤ እንደገና ጀመረች። መሐል ላይ ያ መሰልቸት ሲመጣ ሌላ የሚነሳ ሥራ ስለሌለ እሱኑ ሠራች። የመጨረሻው ቁልፍ ሲተከል ብርዱ አልፎ ሙቀቱ ገብቶ ነበር። እያፈረች ወሰደችላቸው።

አባቷ በደጃፉ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሹራቡን በግራ እጃቸው ዳሰሱት፤ እጅጌዎቹን ቆጠሩ። ከዚያ "አልብሺኝ" አሉ። ክንዳቸውን ሳያነሱ ለበሱት፤ ቁልፎቹን እስከ አንገታቸው ዘጋችላቸው። ወዲያው ላብ በግንባራቸው ወረደ።

"አባባ ይሞቅዎታል፣ ይውለቅ።"

"ተዪው" አሉ። "ብዙ ጠብቄዋለሁ።"

አንባቢ ሆይ፣ በየቤታችን አልጋ ሥር የሚጀመር እንጂ የማያልቅ ነገር አለ። ክር መሆን የለበትም፤ ለእናት የተገባ ቃል፣ ለልጅ የተባለ ነገ፣ ለጎረቤት የተሰጠ እሺ ሊሆን ይችላል። ሰው ላለማስቀየም ብለን የምንሰጠውን እሺ ደግነት እንለዋለን። እምቢ የተባለ ሰው ግን ተቀይሞም ቢሆን ሄዶ ሌላ በር ያንኳኳል። እሺ የተባለው ነው በስስ ሸሚዝ ተቀምጦ የሚጠብቀን።