ሦስት ሰዓት፣ ሶፋው ላይ

«ምድር ቤት ያለው ሶፋ ያስባል» ይሉ ነበር ጋሽ ደጉ።

ጋሽ ደጉ ጆሃንስበርግ፣ ጀፕስታውን ሰፈር ውስጥ፣ ኢትዮጵያውያን ብርድ ልብስና ጫማ በጅምላ የሚሸጡበት የአንድ አሮጌ ፎቅ ዘበኛ ናቸው። ይህችን ወሬ ለገባ ለወጣው ሁሉ ይነግራሉ። ድሮ ፎቁ የወርቅ ማዕድን ቆፋሪዎች መሥሪያ ቤት ሳለ፣ ሰው ዙሪያውን የሚቀመጥበት ክብ ኮምፒውተር ነበራቸው፤ የመሬትን ሆድ ዕቃ በቁጥር የሚያውቅ። ሲሄዱ ጥለውት ሄዱ። «ጆሮህን ብታስጠጋ ዛሬም ያጉረመርማል።»

ዮአዳን ወሬውን ሺህ ጊዜ ሰምታ ሺህ ጊዜ አላግጣበታለች። ከሆሳዕና ስትመጣ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። አሁን በሁለተኛው ፎቅ፣ እጇን ብትዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ በምትነካበት ሱቅ፣ ስልክና ላፕቶፕ ትጠግናለች። አስተማሪ አልነበራትም፤ የሞቱ ስልኮችን እየፈታች፣ ጣቷን እያቃጠለች ነው የተማረችው። «ማን አስተማረሽ?» ለሚላት መልሷ አንድ ነው።

«እልህ።»

በ2020 ፌብሩዋሪ ውስጥ አንድ መነጽር ያደረገ ረጅም ወጣት ሱቋ ፊት ቆመ።

«ጋሽ ደጉ ናቸው የላኩኝ። የማትከፍተው ነገር የለም አሉ።»

«ምንህ ነው የተበላሸው?»

«እኔስ ደህና ነኝ። ሶፋውን እንድትከፍቺልኝ ነው።»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቹ ከመነጽሩ ጀርባ እንደ ልጅ ዓይን ቸኩለው ነበር።

ኦሊያድ ይባላል። በአራት ዓመቱ ከሐኪም እናቱ ጋር መጥቶ ጆሃንስበርግ ያደገ፣ የመጀመሪያዎቹን ሱፐር ኮምፒውተሮች ታሪክ ለዶክትሬቱ የሚያጠና ሰው ነው። አማርኛው ግን ጥርት ያለ ስለሆነ፣ እዚህ ማደጉን ዮአዳን በሁለተኛው ቀን ረሳችው። ይህን መርሳቷን ያዙልኝ።

ምድር ቤት ወረዱ። የብርድ ልብሱን እስር አንስተው ቢያዩ፣ እውነትም አንድ በኩል ክፍት የሆነ ክብ መቀመጫ፣ መካከሉ ላይ የቆሙ ምሰሶዎች። ኦሊያድ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። እሷ ካቻቪቴዋን አወጣች።

«እንዳትነኪው! ቅርስ ሊሆን ይችላል!»

«ቅርስ ከሆነ፣ ከእኔ በፊት አይጥ ጎብኝቶታል» አለችና የመቀመጫውን ሽፋን ፈታች።

ከውስጥ የወጣው ሞላና ቃጫ ነበር፤ ጥጉ ላይ ደግሞ የሆቴል ስም የተጠለፈበት ጨርቅ። የእንግዳ መቀበያ ሶፋ ነው።

ይቆጣል ብላ ምላሷን አዘጋጅታ ጠበቀችው። እሱ ግን ሳቀ፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። ከዚያ ያ ሆዱ የተከፈተ ሶፋ ላይ ተቀመጠና እውነተኛውን ነገራት።

ኮንትሮል ዳታ የሚባል ትንሽ ኩባንያ እንደነበረ፤ በ1964 በዓለም አንደኛ የሆነ ፈጣን ማሽን እንዳወጣ፤ የግዙፉ ተፎካካሪ አለቃ «ጽዳት ሠራተኛውን ጨምሮ ሠላሳ አራት ሰው እንዴት ይቀድመናል?» ብሎ ደብዳቤ እንደ ጻፈ፤ ማሽኑን ያበጀው ሰውዬ፣ ክሬይ፣ ኋላ ወጥቶ በራሱ ስም ኩባንያ እንዳቆመ። በ1976 ሥራ የጀመረው የእሱ ማሽን ነው ክብ ሆኖ፣ ዙሪያውን መቀመጫ ያለው።

«ለምን ክብ?»

«ሽቦው እንዲያጥር። የትኛውም ሽቦ ከአራት ጫማ አይበልጥም። እያንዳንዱ በልኩ ይቆረጣል፤ አንዱ ምልክት ቀድሞ ሌላው ከዘገየ፣ ሁለቱም ልክ ሆነው ስሌቱ ይበላሻል።»

«ሽቦውን ማን አሰረው?»

«ሴቶች። በእጃቸው፣ አንድ በአንድ። ወደ መቶ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሽቦ።»

«ስማቸውስ?»

«ባነበብኩት ሁሉ የለም።»

«እንግዲያው ዶክተር የምትሆነው እሱን ስትጽፍ ነው» አለችው።

ከዚያ ወዲያ በየሁለት ቀኑ መጣ። የተሰበረ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ቻርጀር፣ ሬዲዮ፣ አንዴ ደግሞ ጃንጥላ። «ጃንጥላ ላይ ሽቦ አለ ብዬ ነው» አለ፤ ጆሮው ቀልቶ። ምሳ ሰዓት ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ፤ እሱ የተዘጉ ኩባንያዎችን ታሪክ ያወራል፣ እሷ በየመሃሉ ታርመዋለች። አንዳንዴ የእጆቻቸው ርቀት ከአንድ ስንዝር አይበልጥም ነበር።

በማርች ፕሬዚዳንቱ በቴሌቪዥን ቀርበው አገሩ ከሐሙስ እኩለ ሌሊት ጀምሮ ለሃያ አንድ ቀን እንደሚዘጋ ተናገሩ። በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ ኦሊያድ እየሮጠ መጣ።

«ሽማግሌ ልላክ ብል ማን ጋ ነው የምልከው?»

እጇ ላይ የነበረው ካቻቪቴ ወደቀ። «እዚህ አገር አባቴም እናቴም እኔው ነኝ።»

«እሺ፣ ለሦስታችሁም ነው የምጠይቀው።»

ልትስቅ ነበር። እሱ ግን መዋሸት አያውቅምና የማይባለውን ጨመረ። «ለእናቴ ነገርኳት። 'ምን ተምራለች?' አለች።»

«አንተስ ምን አልክ?»

መሬት መሬት አየ። «ዝም አልኩ።»

ያ ዝምታ ከእናትየው ጥያቄ ይልቅ ወጋት። «እሺ» ብላ እዚያው ልትወድቅለት የነበረች ልጅ ቀና አለች። «ሐሙስ በሦስት ሰዓት ሶፋው ላይ ና። መልሴን ያኔ ትሰማለህ። ከቀረህ ግን፣ እንደገና ዝም እንዳልክ እቆጥረዋለሁ።»

«ሦስት ሰዓት። ሳልቀር እመጣለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ወረደች። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ልቧ ከማክሰኞ ጀምሮ እሺ ብሏል። ከላይ ሰው ይተራመሳል፤ ሁሉም ዕቃውን እየጫነ፣ የብረት መዝጊያውን እያንኳኳ ያወርዳል። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት። አምስት። ስልኳ ጉልበቷ ላይ ነበር፤ አልደወለችም። «የሚመጣ ሰው አይጠራም» አለች ለባዶው ምድር ቤት። ስድስት ሰዓት ሲሆን እንዳይደውልላት ቁጥሩን ዘጋችበትና በእግሯ ወደ ቤቷ፣ ወደ ሂልብሮው ሄደች። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እሷ ያን ቀን ዋጠችው።

አገሩ ተዘግቶ ከረመ። ሱቁ ሲከፈት ማስክ አድርጋ ተመለሰች፤ የእሱን ስም ያነሳባት ሰው አልነበረም፤ ጋሽ ደጉም እንኳ።

በ2021 ሴፕቴምበር፣ የክትባት ሰልፍ ላይ፣ ሜትር ተኩል ወደፊት የቆመው ሰው ዞር አለ። ከማስኩ በላይ ያሉትን ዓይኖች አወቀቻቸው።

«ደህና ነሽ?»

«እንደምታየኝ። ግማሼን ማለቴ ነው።»

ዓይኖቹ ፈገግ ሊሉ ሞክረው ተዉት። «ዮአዳን፣ ያን ሐሙስ...»

«ያን ሐሙስ መልሱ ተሰጥቷል» አለች ቶሎ።

«አዎ» አለ ቀስ ብሎ። «ገብቶኛል።»

አመነልኝ፣ አለች በልቧ፤ አስቦበት ነው የቀረው። ነርሷ ቁጥሩን ጠራች፤ እሱም ገባ። ሲወጣ ወደ እሷ አላየም፤ እሷም ጫማዋን እያየች ነበር።

በዲሴምበር የሠርጉ ፎቶ በሰው ስልክ ደረሳት። ሙሽራዋ ታምራለች። ዮአዳን ያን ቀን አራት ስልክ ጠገነች፤ አንዱንም አላበላሸችም።

በቀጣዩ ዓመት ፎቁ ተሸጠ። ቁራሌው ሶፋውን በአራት ሰው አሸክሞ ሲያወጣ፣ ዮአዳን ዕቃዋን በካርቶን አስራ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ቀስ በሉ!» ይላሉ ጋሽ ደጉ። «ያ ሶፋ ያስባል!»

«ጋሽዬ፣ ሆዱን ከፍቼ አሳይቼዎት የለም? ሞላ ነው።»

«አንቺ ሞላ ትያለሽ፤ ያ የዶክተሯ ልጅ ግን ያምንበት ነበር። አገሩ በሚዘጋበት ዕለት እንኳ፣ ከሰዓት ተረኛ ሆኜ ስገባ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከተፍ አለ። እዚያች ላይ ብቻውን ተቀምጦ ስልክ ሲሞክር፣ ሲሞክር፣ በሩን እስክቆልፍ አልነሳም።»

ዮአዳን ካርቶኑን መሬት አስቀመጠችው።

«ስንት ሰዓት ነበር የመጣው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ነበራ። 'ረፈደብህ ወይ?' ስለው ሰዓቱን አሳየኝ፤ የፈረንጁን። 'አይ፣ ጋሼ' አለኝ፣ 'ቀጠሮዬ በሦስት ነው፤ ልክ በሦስት ሰዓት ደርሻለሁ።'»