ከጉድጓድ የወጣ ዓሣ

የጉስታቭ ሊንድማርክ ሬሳ የተገኘው በሰው ግድግዳ ውስጥ ነው። ኒልስ የተባለው ስዊድናዊ ሰፋሪ ከሜዳው ከነሣሩ በተቆረጠ የአፈር ጡብ እስከ ግማሽ ያቆመውን ቤቱን ሊቀጥል በማለዳ ሲወጣ፣ እሱ ያልደረደረው የጡብ መደዳ ከግድግዳው ሥር ተደርድሮ አየ። የጡቦቹ ሣር ገና ጤዛ አዝሏል። ከመደዳው ሥር የጫማ አፍንጫ ብቅ ብሏል።

ሸሪፍ ኦርሰን ቴት ሲደርስ ሰው ተሰብስቦ፣ ገመድም ተዘጋጅቶ ነበር። የኔብራስካ ሜዳ ዛፍ የለሽ ባይሆን ኖሮ ኒልስ እስካሁን ተንጠልጥሎ ነበር። ቴት ግን ሰው ባጣደፈው ቁጥር የሚንቀረፈፍ ሽማግሌ ነው። ጡቦቹን አንድ በአንድ አንስቶ፣ እያንዳንዱን አይቶ፣ እንደነበረ ወደ ጎን አስቀመጠ። ሟቹ ከኋላ አናቱን ተመትቷል።

«ኒልስ ትናንት በአደባባይ አንቆት ነበር!» አለ ሚስተር ሃርዊክ፣ የባቡር ኩባንያው የመሬት ሽያጭ ሹም። «ሟቹ የእኔ አስተርጓሚ ነው። ምን ትጠብቃለህ?»

«አንተ ማታ የት ነበርክ?»

«ከቢሮዬ አልወጣሁም። ይህን ቤትም ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

ቴት ለሰላምታ እጁን ዘረጋ። ሃርዊክ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ጠዋቱ ገና ከመሞቁ ሰው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቧል፤ እሱ ግን የቆዳ ጓንት አጥልቋል። ቴት ጓንቱን አይቶ ወደ ኒልስ ዞረ።

ኒልስ እጁን ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። «አንቄዋለሁ፣ አልክድም» አለ። «ውሃ አለው ብሎ ይህን መሬት አስገዛኝ። ሦስት ቦታ ቆፈርኩ፣ ያገኘሁት አቧራ ነው። ማታ ግን ራሱ መጣና ይቅርታ ጠየቀኝ። ‹እኔም ተታልዬ ነው ያታለልኳችሁ፤ ነገ በባቡር ለሚመጡት እውነቱን እነግራቸዋለሁ› አለኝ።»

«ሌላ ማን ሰማ?»

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች ሚስቱ ሸሽቲን። እርጉዝ ናት፤ ወሯም ገብቷል። «ሾርባ አብልቼ ነው የሸኘሁት። ‹መጀመሪያ ለሹሙ ፊት ለፊት ልንገረው› ብሎ ወደ ቢሮው ሄደ።»

«ሚስት ሆና ምን ልትል ኖሯል!» አለ ሃርዊክ።

ቴት «እስክመለስ ማንም እንዳይነካው» ብሎ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄደ። እዚያ ኩባንያው ለገዢ የሚያሳየው ጉድጓድ አለ፤ ከባቡር የወረደ ሁሉ ከእሱ አንድ ኩባያ ጠጥቶ ነው ውል የሚፈርመው። ኮይል የሚባለው አይሪሻዊ ጋሪ ነጂ ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጧል።

«ጠጣ ሸሪፍ፣ ማር ነው።»

«ቀማሽማ አንተ አይደለህ! የምትጠጣው ውስኪ፣ የምታሞግሰው ውሃ።» ቴት ባልዲውን ስቦ አወጣ። ጣት የምታህል ዓሣ ትሽከረከራለች። «ኮይል፣ እዚህ አገር ጉድጓድ ዓሣ ይወልዳል እንዴ?»

የኮይል ፊት ደም አጣ። «እኔ… ጋሪ ነጂ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ቤትህ የት ነው?»

«ያው፣ ከጋጣው ጎን። በእጄ የሠራሁት ነው።»

«በአፈር?»

«በእብነ በረድ መሰለህ?»

ቴት የጎጆዋን ግድግዳ በመዳፉ እየዳበሰ ዞራት። ከዚያ ባልዲውን ከነዓሣዋ ይዞ፣ ኮይልንም አስከትሎ ተመለሰ።

ሰው ትዕግሥቱ አልቋል። ቴት የኒልስን እጅ ፈታና «ከመፍረዳችሁ በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ» አለ። «እሱ ቢሰቀልም ሴትዮዋ ግድግዳ ያስፈልጋታል። ሁላችንም አንድ አንድ ጡብ እናኑር።»

እያጉረመረሙ አኖሩ። ኒልስ አኖረ፤ ኮይል አኖረ፤ ጎረቤቶቹም ተከተሉ። ሃርዊክ ስቆ አንድ ጡብ አነሳና ሣሩን ወደ ላይ አድርጎ፣ ልክ እንደ ሜዳው፣ አሳምሮ አስቀመጠ። ሸሽቲን ሳታስበው እጇን ሰዳ ገለበጠችው።

ቴት የተገለበጠውን ጡብ በጣቱ ነካ።

«ለምን ገለበጥሽው፣ ልጄ?» አላት ቴት።

«ሣሩ ወደ ታች ነዋ! ወደ ላይ ከሆነ የሚቀጥለው ጡብ አይቀመጥበትም፣ ያንሸራትታል።»

«ሰማችሁ?» አለ ቴት ወደ ሰዉ ዞሮ። «በዚህ ሜዳ ቤት የሠራ ሰው በጨለማም፣ በጥድፊያም ጡቡን ሣሩን ደፍቶ ነው የሚያኖረው። እጅ የለመደውን አይረሳም። ሊንድማርክን የሸፈነው መደዳ ግን ሁሉም ሣሩ ወደ ላይ ነበር፤ ጤዛውን አይታችኋል። ኒልስ አይደለም፤ የራሱን ግድግዳ ተመልከቱ። ኮይልም አይደለም፤ ቤቱን አይቻለሁ። ይህን ሜዳ እየሸጠ አንድ ጡብ ያልደረደረበት ሰው እዚህ መሀል ማን ነው?»

«ይህ ማስረጃ ነው?» አለ ሃርዊክ።

«አይደለም። ጓንቱን አውልቅ።»

ሃርዊክ አላወለቀም። ሁለት ሰዎች ይዘው አወለቁለት። የሜዳው ሣር ስለታም ነው፤ ያልለመደ መዳፍ አይምርም። መዳፎቹ ተተልትለው፣ ውሃ ቋጥረው ነበር።

ያኔ ኮይል ባርኔጣውን አወለቀ። «ከወንዝ ውሃ እያመላለስኩ ጉድጓዱን የምሞላው እኔ ነኝ» አለ። «ማታ ቢሮው ውስጥ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ከዚያ ሹሙ ጋሪዬን ወሰደ። ለምን እንዳልለው እንጀራዬ በእጁ ነው። አፈርኩ፣ ሸሪፍ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ ቴት። «አንተ ግን ሰው እስኪሰቀል ልታሳድረው ነበር።» የተዘጋጀውን ገመድ አንስቶ የሃርዊክን እጅ አሰረበት።

ኒልስ ሚስቱን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በዚህ መሀል የባቡሩ ፉጨት ከሩቅ ተሰማ። ስዊድናውያን ገዢዎችን የጫነው ባቡር ነው፤ ቋንቋቸውን ችሎ የሚቀበላቸው ሊንድማርክ ግን ጋሪ ላይ ተጋድሟል።

«አሁን ማን ይነግራቸዋል?» አለች ሸሽቲን። መልስ ሳትጠብቅ እንባዋን በቀሚሷ ጠርጋ ባልዲውን አነሳች። ኒልስ ሊቀበላት ቢሞክር እንቢ ብላው ወደ ጣቢያው አመራች።

ከባቡሩ መጀመሪያ የወረዱት ጉዞ ያደከማቸው አሮጊት ናቸው። ባልዲውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«የኔ ልጅ፣ ውሃ አለ ማለት ነው?»

«አለ፣ እናቴ፤ ከወንዝ ተጭኖ የመጣ» አለች ሸሽቲን፣ ዓሣዋን እያሳየቻቸው። «ይጠጡ፤ ግን እኔን ሳይሰሙ ምንም እንዳይፈርሙ።»