ሀይቅ ውስጥ የሚገባው መንገድ

ካስማው አንዴ ብቻ ተመትቶ እስከ አንገቱ ሰመጠ። ሩታ መዶሻ ያደረገችውን ድንጋይ እንደያዘች በጉልበቷ ተንበርክካ ቀረች። የቀደሙትን ሦስት ካስማዎች ለመትከል ላብ በላብ ሆና ነበር፤ ይሄኛው ግን ሊጥ የወጉበት ያህል ዘው አለ።

«ጫልቱ፣ ነይ እዪ! እዚህ ጋ መሬቱ ለምን ለሰለሰ?»

«ጀመረሽ!» አለች ጫልቱ ከድንኳኑ ማዶ ገመድ እየጎተተች። «ቃለ መጠይቁን ለነገ አቆዪውና ይሄን ያዢልኝ።»

ሩታን ክፍል ውስጥ «ቃለ መጠይቅ» ነው የሚሏት። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ራሱ ለምን መላጣ ሆነ? የሀዋሳ ሀይቅ መውጫ ወንዝ ከሌለው ለምን ጨው አልሆነም? ይህን የሀይቁን የጠየቀች ቀን ቲቸር ሰለሞን «በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንመለስበታለን» ብሎ ነበር። የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም።

ቲቸር ሰለሞን የባዮሎጂ መምህር ነው፤ የተፈጥሮ ወዳጆች ክበብም ኃላፊ። ዐሥራ ስምንት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ይዞ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሀይቁ ዳር ባለ የፍራፍሬ ግቢ ለአንድ ሌሊት ሊያሳድራቸው የመጣው እሱ ነው። ለሴቶቹ ኃላፊ ሆና ቲቸር ወርቅነሽ አብራ መጥታለች። ቲቸር ሰለሞን ስለ ካምፒንግ አዲስ አበባ የአምስት ቀን ሥልጠና ወስዷል። ሰርተፍኬቱን በፕላስቲክ አስለብጦ ቦርሳው ውስጥ ይዞት ይዞራል፤ ማንም ሳይጠይቀውም ያሳያል። ሩታን የክበቡ ጸሐፊ ያደረጋት እሱ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ረቂቅ በእርሳስ ይጻፋል፣ እሱ ለማረም እንዲመቸው።

ሩታ ገመዱን ያዘች፤ ዓይኗ ግን መሬቱን አልለቀቀም። ካስማው የገባው ከሁለት ቦዮች በአንዱ ላይ ነበር። ቦዮቹ ጎን ለጎን ሆነው ከማንጎዎቹ በኩል ይመጡና ወደ ሀይቁ ይወርዳሉ። መሃላቸው ሣር የበቀለበት ጉብታ አለ። ግራና ቀኙ ያለው ሣር ደግሞ በምላጭ የተላጨ ይመስል አጥሯል።

«ይሄን ሣር ማነው የሚያጭደው?» አለች።

መልስ ሳታገኝ የግቢው ዘበኛ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አሮጌ ካፖርት የደረቡ፣ ሱሪያቸውን እስከ ቅልጥማቸው የጠቀለሉ ሰው ናቸው።

«መምህር፣ እዚህ አይሆንም» አሉ፣ አማርኛውን ቀስ አድርገው እየመረጡ። «ይሄ የጉማሬ መንገድ ነው። ሲመሽ በዚህ ይወጣል፣ ሳይነጋ በዚህ ይመለሳል። ወደ አቮካዶው ብትሄዱ ነው የሚሻለው።»

ቲቸር ሰለሞን ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «አንተ ሰውዬ፣ ዘበኛ ነህ ወይስ የዱር አራዊት ተመራማሪ?»

ልጆቹ ሳቁ። ናሆም ደግሞ አጋጣሚ አያልፈውም፤ «ጋሼ፣ የጉማሬው ታርጋ ስንት ነው?» አለና ሳቁ እጥፍ ሆነ። ሩታም ሳቀች። ሁሉም ሲስቅ አፍ ራሱ ይከፈታል።

«ይሄ የጋሪ መንገድ ነው» አለ ቲቸር ሰለሞን። «ጎማው የሄደበት ሁለት መስመር እየታየ! ደግሞ እሳት እናነዳለን፤ ጉማሬ እሳት ካየ ዝር አይልም። በዚህ ጉዳይ የሠለጠንኩት እኔ ነኝ። አንተ በርህን ጠብቅ።»

ሰርተፍኬት ያለው ሲናገር የሌለው ዝም ይላል፤ የቱ ልክ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ዘበኛው ዱላቸውን ብብታቸው ስር ሸጉጠው ተመለሱ። ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ እንዲህ የተመለሰ ጀርባ ነበር ጀርባቸው።

ልጆቹ እንጨት ለቀማ ሲበተኑ ሩታ ቦዮቹን ተከትላ ወረደች። የጋሪ መንገድ ከሆነ መሃሉ ላይ የአህያ ወይም የፈረስ ኮቴ መኖር አለበት። ፈለገች፤ የለም። መንገዱ ሸምበቆውን ለሁለት ሰንጥቆ ቀጥታ ወደ ሀይቁ ይሄዳል። ዳር ደርሶ አይታጠፍም። ውሃው ውስጥ ይገባና ይጠፋል።

ሩታ ዳሩ ላይ ቆማ ውሃውን አየችው። አንድ አባ ኮዳም ከጎኗ ቆሞ ያይ ነበር፤ እሱም የገባው አይመስልም።

ዘበኛው በሩ አጠገብ ጉቶ ላይ ተቀምጠው የተበጠሰ የዓሣ መረብ ይጠግናሉ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«አንቺም ስቀሻል» አሉ ቀና ሳይሉ።

የሩታ ጆሮ ጋለ። አልሳቅሁም ልትል ነበር፤ አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «ስቄያለሁ» አለች።

መረቡን ጥቂት ሰፉ። «እሺ፣ ምን ልትጠይቂ መጣሽ?»

«ጋሪ ሀይቅ ውስጥ ምን ሊሠራ እንደሚገባ።»

ያኔ ቀና አሉ። ፊታቸው ቶሎ ለሳቅ የሚፈታ ፊት አልነበረም፤ ግን ተፈታ። መረቡን አስቀምጠው ተነሡ።

«ነይ» አሉ።

መጀመሪያ ያሳዩዋት ቁጥቋጦ ነበር። ቅጠሉ ላይ እስከ ወገቧ ድረስ የደረቀ ፍግ ተረጭቷል። «ላም እንዲህ ከፍ አድርጋ አትረጭም» አሉ። «ይሄ በጭራው እያማታ ነው የሚበትነው። ጨለማ ውስጥ ማን በዚህ እንዳለፈ ሌሎቹ አሽትተው ያውቃሉ።» ቀጥለው ቦዩ ውስጥ ጎንበስ ብለው በዱላቸው ጫፍ አንድ ጎድጓዳ ከበቡ። የሩታ ሁለት መዳፍ የሚያህል፣ አራት ጣት ያለው ዱካ ነው። ሩታ ስትተክል የዋለችው ካስማ ከዱካው አንድ ክንድ አይርቅም።

«ሁለት መስመር የሆነውስ?»

«ሆዱ ሰፊ ነው፤ የቀኙና የግራው እግሩ ይራራቃል። መሃሉን አይረግጠውም። ሣሩ እዛ የተረፈው ለዛ ነው።»

«የዳሩን ሣር የሚያጭደውም እሱ ነዋ!»

«በከንፈሩ።»

ሩታ ደብተሯን አውጥታ በእርሳሷ ቶሎ ቶሎ ጻፈች። «እርስዎ ይሄን ሁሉ የት ተማሩ?»

«የት እማራለሁ?» አሉ። «ሃያ ስድስት ዓመት ዓሣ አጠመድኩ። ጀልባ የሚነዳ ሰው የነሱን መንገድ ካላወቀ አያረጅም። ማንጎው ሳይተከል ይሄ መንገድ ነበር። የግቢው ባለቤት አጥር ሠራበት፤ በነጋታው ተኝቶ ተገኘ። ደግሞ ሠራ፤ ደግሞ ተኛ። በሦስተኛው ክፍት ተወው።» በዱላቸው አመለከቷት። እውነትም ከማንጎዎቹ ጀርባ አጥሩ መሃል ላይ ሰፊ ክፍተት አለ። ሩታ ስትገባ አይታው ያላስተዋለችው ነገር ነው።

«እሳት ግን ይፈራል አይደል?»

«አንዱ ይሸሻል። አንዱ እሳቱ ላይ ይመጣል። ዛሬ የሚመጣው የቱ እንደሆነ ለኔም አልነገረኝም።»

ሰዓቱ ዐሥራ አንድ አልፏል። ፀሐይዋ ከሀይቁ ማዶ ወደ ተራሮቹ እየወረደች ነው። ሩታ ስትሮጥ ደረሰች፤ ሁሉም የፓስታውን ድስት ከብቦ ነበር።

«ቲቸር፣ ጥያቄ አለኝ።»

«መቼ አጥተሽ ታውቂያለሽ?» አለ ቲቸር ሰለሞን፤ ልጆቹም ፈገግ አሉ።

«ያ የጋሪ መንገድ ሀይቁ ውስጥ ነው የሚገባው። ሄጄ አየሁት። ጋሪው እዛ ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል?»

ናሆም «ሊታጠብ ይሆናላ!» አለ። ግን ማንም አልተከተለውም፤ እሱም አንገቱን አዙሮ ወደ ሸምበቆው አየ።

«ዘበኛው ነው ይሄን የሞላሽ?» አለ ቲቸር ሰለሞን።

«እሳቸው አሳዩኝ። ዱካው ከሴቶቹ ድንኳን ሥር ነው ያለው ቲቸር። አራት ጣት አለው።»

ቲቸር ወርቅነሽ ጭልፋውን ለጫልቱ ሰጠቻትና ከሩታ ጋር ወረደች። ዱካውን አየች፤ ቁጥቋጦውን አየች። ስትመለስ «ሴቶች፣ ድንኳናችሁን ንቀሉ» አለች።

«ወርቅነሽ፣ እኔ እኮ ሥልጠና ላይ...»

«የነዚህን ልጆች እናቶች ስልክ የያዝኩት እኔ ነኝ ሰለሞን።»

ቲቸር ሰለሞን አንዴ እሷን፣ አንዴ ልጆቹን አየ። ከዚያ ፊሽካውን ነፋ። «ተማሪዎች! ቦታው ርጥበት ስላለው ሁሉም ድንኳን ወደ አቮካዶው ይዛወራል! እዚህ የተከልነው የክበባችን ባነር ግን እንዳይነካ። ጠዋት ፎቶ የምንነሳው ጀርባችን ሀይቅ ሆኖ ነው።»

ራት እየበሉ ሳለ ከወደ ሸምበቆው አንድ ድምፅ መጣ፤ ወፍራም ሰው ከሆዱ ሲስቅ የሚያወጣው ዓይነት። ሳቁን የመለሰ የለም። ቲቸር ሰለሞን እንኳ ሹካውን አፉ አጠገብ አቁሞ ቆየ።

ጠዋት ባነሩ በቆመበት አልነበረም። አንዱ እንጨት ለሁለት ተሰብሯል፤ «የተፈጥሮ ወዳጆች ክበብ» የሚለው ጽሑፍ ጭቃ ውስጥ ተኝቷል። «ወዳጆች» የሚለው ላይ ባለ አራት ጣቱ ዱካ ተቀምጧል። ዱካው ያ አራተኛው ካስማ የነበረበትን ጉድጓድ ረግጦ ወደ ሀይቁ ወርዷል። ጫልቱ የሩታን ክንድ ጨብጣ አልለቅ አለች። «ትራሴ እዚህ ጋ ነበር እኮ» ትላለች ደጋግማ። «እዚችው ጋ።» ናሆም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሳ ደገነና ሳያነሳ መልሶ ከተተው።

ዕቃ ሲጫን ቲቸር ሰለሞን ሩታን ለብቻዋ ጠራት። «ሪፖርቱ ሰኞ በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ይነበባል። ርዕሰ መምህሩም አለ። እስቲ ያለውን አሳዪኝ።» አነበበና ጣቱን አሳረፈበት። «እዚህ ጋ፣ ‹በክበቡ ኃላፊ አርቆ አሳቢነት የድንኳኑ ቦታ በጊዜ ተቀየረ› በይ።»

«ዘበኛውስ ቲቸር?»

«ዘበኛው ምን?»

«መጀመሪያ የነገሩን እሳቸው ናቸው።»

«መጨረሻ ላይ ‹የግቢው ሠራተኞችም ተባብረውናል› በይ፣ ይበቃል።» ድምፁን አለሰለሰ። «ክበቦች የሚሄዱበት የአርባ ምንጭ ጉዞ ከኛ ሁለት ልጅ ነው የሚፈቅደው። ስም የማስገባውም ሰኞ ነው። አንቺን በልቤ አንደኛ አድርጌሻለሁ። ጽሑፍሽን አሳምሪ ብቻ።»

ሩታ ከሀዋሳ ወጥታ አታውቅም። የደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ «አዞ አፉን ከፍቶ የሚተኛው ለምንድን ነው?» ብላ ከጻፈች አንድ ሴሚስተር አልፏል። አርባ ምንጭ ሄዳ በዓይኗ ልታየው ነው ያሰበችው።

ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ላጲስ አወጣች። «ዘበኛው» የሚለውን አጠፋች። ምንም አልከበዳትም፤ እርሳስ እሺ ባይ ነው። ወረቀቱን እፍ ብላ ፍርፋሪውን አባረረች። የነበረበት ቦታ ንጹሕ ሆነ። ንጽሕናው አስጠላት።

መልሳ ልትጽፈው ስትል ቆመች። ምን ብላ? «ዘበኛው» ስም አይደለም። ከትናንት ጀምሮ ይሄን ሁሉ የጠየቀች ልጅ፣ ያን አልጠየቀችም።

ሚኒባሱ ጥሩምባውን ነፋ። ሩታ ወደ በሩ ሮጠች።

«ጋሼ፣ ስምዎ ማን ነው?»

ዘበኛው የሚከፍቱትን በር ለቀው ደነገጡ። «ምነው? ምን ጠፋ?»

«ኧረ ምንም አልጠፋም።»

«የኔ ስም የሚጠየቀው ዕቃ ሲጠፋ ነው፤ ለዛ ነው።»

«ለሪፖርት ነው ጋሼ። ሰኞ ትምህርት ቤት ይነበባል።»

«በድምፅ ማጉያ?»

«በድምፅ ማጉያ።»

ወደ ሀይቁ አዩ። «ላሚሶ» አሉ። ሩታ እርሳሷን ስታሳርፍ ጨመሩበት፤ «ላሚሶ ዳንጊሶ። አባቴም አጥማጅ ነበር፤ የሱንም እንዳትተዪው።»

ሚኒባሱ ውስጥ ጫልቱ ቦታ ይዛላት ነበር። ቲቸር ሰለሞን ከፊት ወንበር ዞር አለ። «ሩታ፣ ጨረስሽ?»

«ልጨርስ ነው ቲቸር።»

መኪናው ጠጠሩን ትቶ አስፋልት እስኪይዝ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ጫልቱ ጠጋ አለች።

«እስክሪብቶ አለሽ?»

«እርሳስሽስ የት ሄደ?»

«አለ። እስክሪብቶ ስጪኝ።»

ጫልቱ አንዴ የቲቸር ሰለሞንን ባርኔጣ፣ አንዴ ሩታን አየችና ሰማያዊ እስክሪብቶዋን አቀበለቻት። ሩታ አዲስ ገጽ ገለጠች። እንዲህ ብላም ጀመረች፤

«ድንኳናችን የጉማሬ መንገድ ላይ መተከሉን መጀመሪያ የነገሩን የግቢው ጠባቂ አቶ ላሚሶ ዳንጊሶ ናቸው። እኛ ግን ሳቅንባቸው፤ እኔም ጭምር።»

አንዴ አነበበችው። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጥማ ለጫልቱ መለሰችላት።