የሻኛው ዕጣ

ጋሼ ጦና የሞቱት በገዛ ግቢያቸው፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ በታረደው በሬ አጠገብ፣ በሦስቱ የሥጋ መደቦች መካከል ነው። ጎናቸው ላይ የተሰካው ቢላዋ የጎረቤታቸው የሰላምአብ ነበር። ያ የሶዶ ዳርቻ ሰፈር ለመፍረድ ከዚህ በላይ አላስፈለገውም፤ ጠዋት «ጨዋ ልጅ» ሲለው የነበረ ጎረቤት ሁሉ፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ «ድሮም ዓይኑ ደስ አይለኝም» ማለት ጀመረ።

ኢንስፔክተር እታፈራሁ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ሀብተየስ ለታሳሪው ለሰላምአብ ምሳ አምጥቶ እያጎረሰው ነበር። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ «ኢሻ»፣ ወንድሜ፣ እየተባባሉ ያደጉ ናቸው።

«ኢሻ፣ በንዴት ነው ያደረግሁት በል» ይለዋል ሀብተየስ። «ካመንክ ሽማግሌ ይገባል፤ ቅጣቱም ይቀልልሃል። ከካድክ ግን ዕድሜ ልክህን ትበሰብሳለህ።»

ሰላምአብ ቀና ብሎ ኢንስፔክተሯን አያት። «ልፈርም መሰለኝ» አላት። «ማን ያምነኛል?»

«ገድለሃል?»

«አልገደልኩም።»

«እንግዲያው ገደልኩ ብለህ አትፈርም። የምታውቀውን ተናገር፤ የማታውቀውን አላውቅም በል። ጠበቃም መጠየቅ መብትህ ነው።» ከዚያ ወደ ሀብተየስ ዞረች። «አንተ ና፣ ውጭ እናውራ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ቅርጫው እንዴት ነበር?»

«በሬውን ለሦስት ቤት ነው የገዛነው። ሥጋውን መድበን ስንጨርስ ቢላዋችንን ቆዳው ላይ ተውን። ጋሼ ጦና ፊታቸውን አዙረው፣ እያንዳንዳችን ዕጣችንን ደብቀን ባርኔጣ ውስጥ ከተትን። የእሳቸውን ባለቤታቸው ከተቱላቸው። እሳቸው ዕጣዎቹን እያወጡ መደቦቹ ላይ ሊጥሉ ቀሩ፤ እኛ ዘንቢል ልናመጣ ወደየቤታችን ሄድን።»

«ዕጣህ ምን ነበር?»

«የባሕር ዛፍ ፍሬ።»

«ሰላምአብ አይቶብሃል?»

«ኧረ! ከእኔ በቀር ማንም አላየም። ከታየማ ምኑን ዕጣ ሆነ?»

«ታዲያ ሰላምአብንና ጋሼ ጦናን ምን አጣላቸው?»

«ሻኛው ለእኔ ስለደረሰ ነዋ! ስመለስ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ሰማሁት፤ ‹ሻኛውን ለሀብተየስ አዳሉ› ብሎ ይጮህባቸዋል።»

እታፈራሁ ከአግዳሚው ተነሳች። በቀጥታ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች።

ባለቤታቸው እትዬ ጣፈጠች ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቷል። «ሥጋው ላይ የማለብሰው ኮባ ልቆርጥ ጓሮ ገባሁ። ስመለስ ወድቀዋል። ሰላምአብ ከደጅ ሲገባ ተያየን፤ ዘንቢሉን ጥሎ አቀፋቸው።»

«ሀብተየስስ?»

«ኋላ መጣ። በሁለት እጁ ራሱን ይዞ ‹ምን አደረግህ!› እያለ ጮኸ።»

«መደቡን ያየ ሰው አለ?»

«ሀብተየስ ሳይገባ በኮባ ሸፍኜዋለሁ። የገለጠው ፖሊስ ብቻ ነው፤ ያኔም ሁላችንን አስወጥቶ ነበር፤ አይቶ መልሶ ሸፈነው።»

«ጋሼ ጦና ከሀብተየስ ጋር ቅያሜ ነበራቸው?»

«ጠዋት ሲቆጡት ሰምቻለሁ። ‹ለጊፋታ ቂም ይዘን አንሻገርም። ለሰላምአብ ዛሬውኑ አንተ ንገረው፤ ካልሆነ እኔ እነግረዋለሁ› አሉት። ምኑን እንደሆነ አላውቅም፣ ልጄ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም እዚያው ግቢ ተሰበሰቡ። ሰላምአብ በካቴና መጣ፤ ጎረቤቱ አጥሩን ተደግፎ ያያል። እታፈራሁ ኮባውን ገለጠች። ሻኛው ባለበት መደብ ላይ የባሕር ዛፍ ፍሬ ተቀምጧል።

«ይህ ዕጣ የማን ነው?»

እትዬ ጣፈጠች «አላውቅም» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰላምአብም «አላውቅም» አለ።

«ጋሼ ጦናም አያውቁም ነበር፤ ፊታቸውን አዙረዋል። እንግዲህ ‹ለሀብተየስ አዳሉ› ብሎ ማን ሊጮህ ይችላል? ሻኛው ለማን እንደደረሰ ለማወቅ ፍሬውን ሥጋው ላይ ማየት ያስፈልጋል፤ የፍሬውን ባለቤት ደግሞ የሚያውቀው ራሱ ሀብተየስ ብቻ ነው። ሀብተየስ፣ አንተ ግን ዕጣው ሳይጣል ወጣሁ አልክ። ስትመለስ ደግሞ ተሸፍኖ ነበር። መቼ አየኸው?»

«ገ... ገምቼ ነው።»

«ዘንቢልህስ የት አለ?»

ሀብተየስ እጆቹን ተመለከተ።

«ሰላምአብ ዘንቢል ይዞ የመጣው ሥጋ ሊወስድ ነው። አንተ በሁለት ባዶ እጅህ ራስህን ይዘህ መጣህ፤ ዛሬ እዚህ ግቢ ሥጋ የሚካፈል ሰው እንደሌለ ታውቅ ነበር። ቆዳው ላይ ከነበሩት ቢላዋዎች የወንድምህን መርጠህ አነሳህ። አሁን ንገረው። ጋሼ ጦና ንገረው ያሉህን ንገረው።»

ሀብተየስ ወደ ሰላምአብ ዞረ። «የአባትህን የእንሰት ማሳ... መንግሥት ለመንገድ ወሰደው ያልኩህ ውሸት ነው። አርባ ምንጭ ለሥራ ሳለህ እኔ ነኝ የሸጥኩት። አውቀህ እንዳትጠላኝ ፈርቼ ነው የገደልኳቸው፣ ኢሻ።»

ካቴናው ተፈታ። ሰላምአብ አንጓውን እያሻሸ ቆየ። ማሳው አልነበረም ያንገበገበው፤ ጉርሻው ነው።

«ያጎረስከኝ እንድፈርም ነው?»

«ኢሻ፣ ይቅር በለኝ...»

«ስሜ ሰላምአብ ነው፣ አቶ ሀብተየስ።»

ከወደቀበት ዘንቢሉን አነሳና ወደ ደጅ አመራ። አጥሩን የተደገፉት ጎረቤቶች መንገድ ለቀቁለት። አንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛም እኮ አላመንንም ነበር» አለ። ሰላምአብ ዞሮ አላየውም።