ገሱባ ማን ሄደ?

አቶ አንጁሎ ጩማ ሞተው የተገኙት በምሳ ሰዓት ነው፤ የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች ወጥተው የከሰዓቶቹ ገና ከአጥሩ ውጭ ሲንጫጩ። ከጉኑኖ ወጣ ብሎ ባለው በዚያ ትምህርት ቤት የማይፈራቸው አልነበረም። ሱፐርቫይዘር ናቸው። ትምህርት ቤቶችን እየዞሩ መምህራንን ይገመግማሉ፤ ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚጠየቀውን የስልጠና ሰዓት አሟልቷል ወይም አላሟላም ብለው ይፈርማሉ። እሳቸው ካልፈረሙ ፈቃድ አይታደስም፤ ፈቃዱ ያልታደሰለት መምህር ደግሞ ክፍል አይገባም። የስንቱን ሰው እንጀራ በአንድ እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ማንጠልጠል ደግ አይደለም። ግን እኔን ማን ጠየቀኝ?

ኢንስፔክተር ሳህሊቱ ከሶዶ ስትደርስ ዝናቡ አባርቶ፣ ግቢው ጭቃ ብቻ ሆኖ ነበር። ሳህሊቱ ሶዶ ተወልዳ ያደገች፣ ወላይትኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር ስትጫወት የለቀመች፣ ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። ለመናገር አትቸኩልም። ይህ ጠባይዋ አለቆቿን ያበሳጫቸዋል፤ እኔ ግን እወድላታለሁ።

ሬሳው መምህራን ለውይይት በሚሰበሰቡበት ክፍል፣ ሰሌዳው ፊት ለፊት በጀርባው ተዘርግቷል። ጭንቅላቱን ከኋላ የብረት ዴስክ ጥግ መትቶታል። አጠገቡ አንድ በርጩማ ተገልብጧል፤ ከበላዩ ግድግዳው ላይ የፊደል ሰንጠረዥ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል።

«አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር» አሉ ርዕሰ መምህሩ አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «ሰንጠረዡን ሊያስተካክሉ በርጩማው ላይ ወጥተው ወድቀው ነው።»

ሳህሊቱ ጎንበስ ብላ የሟቹን ጫማ አየች፤ ጭቃው ሶሉን አልፎ ወደ ላይ ወጥቷል። በርጩማውን አንስታ መቀመጫውን በጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ የሟቹን ቀኝ እጅ አየች። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ በጠመኔ ነጥተዋል።

ቀና ብላ ሰሌዳውን ተመለከተች። አንድ ፊደል የለበትም። በእርጥብ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የተሳበው መስመር ደርቆ ጎን ለጎን ተደርድሯል። ዳስተሩ ደረቅ እንደሆነ ቦታው ላይ ተቀምጧል፤ ጨርቁ ጥግ ካለው የውሃ ባልዲ አፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አቶ አንጁሎ ሰሌዳ ላይ ይጽፉ ነበር?»

«ሁልጊዜ። አስተያየት የሚሰጡት በጠመኔ ነው፤ በትልቁ። የሚገባ የሚወጣው ሁሉ እንዲያነበው።»

«ደስ ይላል?»

ርዕሰ መምህሩ አንገታቸውን ደፉ። «ማንንም ደስ አይለውም።»

ሬሳውን ያገኙት በሩ ላይ የቆሙት ጥበቃው አቶ ማሞ ናቸው። «ጦሳው!» አሉ አምላካቸውን በቋንቋቸው እየጠሩ። «መምህሮቹ ተራ በተራ ገባ፣ ተራ በተራ ወጣ። እኔ ልጆች እከለክላለሁ በር ላይ። ማን መጨረሻ እንደገባ አላየሁም። ከውጭ ግን ሰው አልገባም፤ በእሱ እምላለሁ።»

በዚያን ቀን ፊርማ ፈልገው የገቡት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ርዕሰ መምህሩና ሦስት መምህራን። ሳህሊቱ ቢሮ ተቀምጣ አንድ በአንድ አስጠራቻቸው።

የሒሳብ መምህሩ ታምራት ሞተር ሳይክል ያለው፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነው። አቶ አንጁሎን በየትምህርት ቤቱ የሚያመላልሳቸው እሱ ነበር።

«እኔ ምን ጠብ አለኝ? ቀድሜ ገባሁ፣ ፈረሙልኝ፣ ወጣሁ።»

«በክረምቱ ገሱባ የተሰጠውን ስልጠና ወስደዋል?»

«እንዴታ! በጣም ገንቢ ስልጠና ነበር።»

«ምን ተማራችሁ?»

«ያው… ተማሪ ተኮር፣ አሳታፊ… ብዙ ነገር።»

ቤቴል እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ወጣት ናት፤ ደመወዟ ታናናሾቿን የሚያሳድግ። ስትናገር የመሐረቧን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

«ገሱባ ነበርሽ?»

«አዎ። አሪፍ ነበር። አክቲቭ ለርኒንግ…»

አቶ ሀብተጊዮርጊስም ዓይናቸውን በጨው አጥበው ስልጠናው «እጅግ ጠቃሚ» እንደነበረ ተናገሩ። ሦስቱም ስለ መንገዱ ጭቃ እንኳ ያነሱት ነገር የለም። ሰው በክረምት ገሱባ ሄዶ ስለ መንገዱ ሳያማርር ከተመለሰ፣ ወይ ቅዱስ ነው ወይ አልሄደም።

መጨረሻ ቢሮው የተጠሩት ወይዘሮ አስናቀች ናቸው። አንደኛ ክፍል ሲያስተምሩ ፀጉራቸው ሸብቷል፤ ግማሹ የመንደሩ ሰው ፊደል የቆጠረው በእሳቸው እጅ ነው።

«ገሱባ ሄደው ነበር?»

«ሄጃለሁ።»

«እንዴት ነበር?»

«መኪናው ጭቃ ያዘው። ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።» ሳህሊቱ ጠበቀቻቸው። «ሌላውን ሆድ ይፍጀው» ብለው ተነሡ።

በማግስቱ ጠዋት ሳህሊቱ አራቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ከአጥሩ ማዶ፣ ከአቶ አንጁሎ ቤት፣ የሚስታቸው ልቅሶ ይሰማ ነበር። ሰውዬው ክፉም ይሁኑ ደግ ያ ልቅሶ አንጀት ይበላል።

«አቶ አንጁሎ በሞቱ ጊዜ እዚህ ሰሌዳ ላይ ጽሑፍ ነበር» አለች። «የእጅ ጽሑፋችሁን ማየት እፈልጋለሁ። ተራ በተራ ስማችሁን ጻፉ። እኔ ካየሁት በኋላ አጥፉና ለሚቀጥለው ልቀቁ።»

ታምራት ጻፈ። ሳህሊቱ ራሷን ስትነቀንቅ ዳስተሩን አንሥቶ ሰሌዳውን ግራና ቀኝ ፈተገው፤ ብናኙ ቡን ብሎ ፊት የተቀመጡትን አሳላቸው። ርዕሰ መምህሩ ጻፉ፤ በዚያው ዳስተር ክብ እየሠሩ አጠፉ። ቤቴል መዳፏን ጭምር ተጠቀመች።

ወይዘሮ አስናቀች ስማቸውን ጥርት ባለ ጽሑፍ ጻፉ። ዳስተሩን ዞር ብለው አላዩትም። ወደ ጥግ ሄደው ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከሩ፣ ጨመቁ፣ ከሰሌዳው አናት ጀምረው ቀጥ አድርገው ወደ ታች ሳቡት። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን። ስማቸው ካለበት አልፈው ሰሌዳውን በሙሉ አጸዱት።

«እንዲህ ማጥፋት የት ተማሩ?» አለች ሳህሊቱ ቀስ ብላ።

«ገሱባ። የጠመኔ ብናኝ አስም ላለበት ልጅ ጠላት ነው ብለው አስተማሩን። መጀመሪያ ያስተማሩን እሱን ነው።»

የታምራት ፈገግታ ጠፋ።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ሳህሊቱ። «አቶ አንጁሎ በርጩማ ላይ አልወጡም። ጫማቸው ጭቃ ነበር፤ የበርጩማው መቀመጫ ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ በርጩማውን የገለበጠው፣ ሰንጠረዡን የነቀለው ሌላ ሰው ነው። በጀርባቸው የወደቁት ከፊት ስለተገፉ ነው። ጣታቸው ላይ ጠመኔ አለ፤ የጻፉት ግን የለም። ጽፈው እጃቸውን ሳይጠርጉ ሞተዋል፤ ጽሑፉን ያጠፋው ሰው ያን ጊዜ አብሯቸው ነበር። ባዕድ ሰው ቢሆን ደንግጦ ይሮጣል። ከክፍል ከመውጣቱ በፊት ሰሌዳ የሚያጸዳው መምህር ብቻ ነው።»

«መምህር እኮ ሁላችንም ነን!» አለ ታምራት።

«አዎ። ሁላችሁም ገሱባ ሰልጥነናል ብላችሁኛል። ሰሌዳው ግን በገሱባው አሠራር ነው የጸዳው፤ እርጥብ ጨርቅ፣ ከላይ ወደ ታች። ከአራታችሁ ስልጠናው እጁ ላይ የተገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው። የእጅ ጽሑፋችሁን አይደለም ያየሁት።»

ወይዘሮ አስናቀች ጨርቁን እንደያዙ ነበር። ውሃው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«አልተሟላም ብሎ ጻፈው» አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «በትልቁ፣ ከስሜ ሥር። ገሱባ ሁሉንም ቀን ነበርኩ፣ ሌላ ሰው ከዚህ ትምህርት ቤት አልነበረም አልኩት። ይህንኑ ቀደም ሲል በስብሰባ በመናገሬ ነው ቂም የያዘብኝ። ሳቀ። ‹የስልጠናው ወረቀት እነሱ ነበሩ ይላል፤ አንቺን ማን አየሽ?› አለኝ። ዕድሜ ልኬን ልጅ አስተምሬ፣ ከእንግዲህ ክፍል አትገቢም ተባልኩ። ገፋሁት። መግፋቴን ያወቅኩት ከወደቀ በኋላ ነው። ትንፋሹን አዳመጥኩ፤ አልነበረም። ፈራሁ። በርጩማውን ጣልኩት፣ ሰንጠረዡን ነቀልኩት። ሰሌዳውን ማጥፋቴን ግን አላስታውስም። እጄ ነው ያጠፋው።»

ሳህሊቱ ዓይኗን ከእሳቸው ላይ አነሣች። እውነቱን ለመናገር አዘነች፤ ሟቹም ሰው ነው፣ ገዳይቱም ሰው ናት፣ ሕግ ደግሞ ሕግ ነው።

«ሆነ ብለው እንዳልገደሉ አምናለሁ» አለች። «ፍርድ ቤቱ ግን ምን እንዲህ አስቆጣቸው ብሎ ይጠይቃል። የሄዱት እሳቸው ተከልክለው ያልሄዱት እንደተፈረመላቸው የሚያስረዳ ምስክር ያስፈልጋል። ወረቀቱማ ሦስታችሁም ነበራችሁ ይላል። ገሱባ አልሄድንም የሚል ከሌለ የወይዘሮ አስናቀች ቃል ብቻውን ይቀራል።» ሦስቱን በየተራ አየቻቸው። «የሚመሰክር ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። አልዋሻችሁም።»

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ደወል ሳይደወል ረፈደ ብለው ወጡ። ታምራት መስኮት መስኮቱን ያያል።

«ተያቸው» አሉ ወይዘሮ አስናቀች በምሬት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ደግሞስ እነሱም ከወጡ ልጆቹን ማን ሊያስተምር ነው?»

ቤቴል ከመቀመጫዋ ተነሣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እኔ ገሱባ አልሄድኩም» አለች። «አቶ አንጁሎ ዝም በይ ብለው ነው የፈረሙልኝ። ይጻፉልኝ፣ ኢንስፔክተር።»

«ቤቴል!» አለ ታምራት በሹክሹክታ፣ ቀሚሷን እየጎተተ። «ታናናሾችሽን አስቢ እንጂ። ተቀመጪ!»

አልተቀመጠችም።