የናፍጣው ዘንግ

ሰኞ ማለዳ፣ ማደያው ከመከፈቱ በፊት፣ በናፍጣው ታንከር ክዳን አጠገብ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ነዳጅ ለኪው ደበሌና ልጁ ማዕዶት። ጥበቃው ሽበሺ በሩን ከፍቶላቸው ፊቱን ሊታጠብ ሄዷል።

ታንከሩ የተቀበረው ከመሬት በታች ስለሆነ ከላይ የሚታየው የብረት ክዳኑ ብቻ ነው። ደበሌ ተንበርክኮ ክዳኑን አነሳ። ማዕዶት ከዩኒፎርሟ ኪስ ቁራጭ ጠመኔ አውጥታ ረጅሙን የእንጨት ዘንግ ከታች ጀምራ ቀባችው። ቁርጥራጩን የምትሰጣት የሒሳብ መምህርቷ ናት፤ ለምን እንደምትፈልገው ጠይቃት አታውቅም። ናፍጣ የነካው ጠመኔ ይጠቁራል። ጥቁሩ የቆመበት ቁጥር ታንከሩ ውስጥ ስንት እንዳለ ይናገራል።

ደበሌ ዘንጉን ቀስ አድርጎ አወረደው፤ ከታች ሲያርፍ አፍታ ያዝ አደረገና መልሶ አወጣው። እጁ እንደ ድሮው ነው። የታመመው ዐይኑ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሞራ እየወጣበት፣ የዘንጉ ቁጥሮች ጉም ለብሰውበታል። ይህን ከማዕዶት በቀር የሚያውቅ የለም። እሱ ይለካል፣ እሷ ታነባለች፣ ከዚያ እሷ ወደ ትምህርት ቤት ትሮጣለች።

«ስንት ይላል፣ የኔ እናት?»

ማዕዶት ጎንበስ አለች። ጥቁሩ ቅዳሜ ማታ ካነበበችው ሁለት ጣት ያህል ወርዷል። ሳታምን ደግማ አየችው። እሑድ ቀኑን ሙሉ በከተማው መብራት አልነበረም፤ የማደያውም ጄኔሬተር ከተበላሸ ቆይቷል። ፓምፑ ካልሠራ ደግሞ አንድ ሊትር እንኳ አይሸጥም። ታዲያ ናፍጣው የት ገባ?

«ምነው ዝም አልሽ?»

ማዕዶት ክብሩን አስታወሰች። ከአባቷ በፊት ለኪው እሱ ነበር። አንድ ጊዜ ጉድለት ተገኘና ሰው ሁሉ ሌባ አለው፤ ኋላ ንጹሕ መሆኑ ቢታወቅም ሰላምታ የነፈገው ሰፈር አንጀቱን ቆርጦት ከተማውን ለቆ ወደ ካምባ ገባ። አባቷንስ ቢሉት? ማን ነው ያነበበው ብለው ቢጠይቁትስ?

«ያው የቅዳሜው ነው፣ አባዬ።»

«ተመስገን» አለ ደበሌ። መዝገቡን ወደ ፊቱ አስጠግቶ በትልልቁ ጻፈ። ልጁን ዐይኑን ጨፍኖ ያምናታል።

የቢሮው ግድግዳ ላይ የማደያው ደንብ ተለጥፏል። ማዕዶት ለአባቷ ስታነብለት በቃሏ ይዛዋለች፦ ምክንያቱ ያልታወቀ ጉድለት በታየበት ዕለት ይነገር፤ የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ አይፋቅ፤ ያነበበው ሰው ስሙን ይጻፍ። በዚያ ጠዋት ግን በግድግዳው በኩል ስታልፍ ቀና ብላ አላየችም።

ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እነ ዕድላዊት ቤት ጎራ አለች። ቤታቸው ከማደያው አጥር ጀርባ ነው፤ ግቢው ውስጥ ጥቂት የሙዝ ተክልና የውሃ ጉድጓድ አለ። ዕድላዊት ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ ሰማያዊ ጄሪካን በአሸዋ ትፈትጋለች።

«እዪልኝ እስቲ፣ ጄሪካን አጣቢ ሆኜልሻለሁ» አለች። «ውሃው ሸተተ፤ እማዬ ደግሞ በላምባ ጄሪካን ነው የቀዳሽው ብላ ድርቅ አለች።»

«ቀድተሽበት ይሆን እንዴ?»

«ማዒ፣ ሙድ አትያዢብኝ! የላምባው ቢጫ ነው፣ ይሄ ሰማያዊ። ዐይን አለኝ'ኮ!»

«አሁንም ትከራከራለች!» አሉ እናቷ ከውስጥ። «ጥፋትሽን ብታምኚ ምን አለበት? እኔን የሚያበግነኝ መዋሸትሽ ነው። ነይ ማዕዶት፣ አንቺ ቅመሺና ፍረጂ።»

በሳህን ያቀረቡላት በጉድጓዱ ውሃ የተቀቀለ፣ ከበቆሎ ዱቄትና ከሀለኮ ቅጠል የተሠራ ኩርኩፋ ነው። እንፋሎቱ ገና አፍንጫዋ ሲደርስ ማዕዶት ገባት። ይህን ሽታ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ማታ ማታ በአባቷ ጃኬት ላይ ሲመጣ ሮጣ ትጠመጠምበት ነበር፤ ለእሷ የናፍጣ ሽታ ማለት አባዬ ቤት ገባ ማለት ነው። አሁን ግን ከጓደኛዋ ምግብ ውስጥ ወጣ።

«ላምባ ነው አይደል?» አሉ እናቲቱ።

«እኔ እንጃ...» አለች ማዕዶት ሳህኑን እያስቀመጠች።

ዕድላዊት ከደጃፉ ቀና ብላ አየቻት። «አይ ጓደኛ!» አለችና ወደ ጄሪካኗ ተመለሰች። ሳቋ ጠፍቶ ነበር።

በዚህ መሐል የዕድላዊት ትንሽ ወንድም ኪያ እየሮጠ ገባና ከባልዲው ውሃ ጨለፈ። ማዕዶት ተስፈንጥራ ኩባያውን ከእጁ ነጠቀችው። ውሃው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

«እንዳይጠጣ! ከጉድጓዱ ማንም አይጠጣ፣ አብስላችሁም አትብሉ። እኔና ዕድልዬ ከቦኖ እንቀዳለን።»

«ምነው ልጄ፣ ምን አውቀሽ ነው?» አሉ እናቲቱ።

«ነገ እነግርዎታለሁ። እሷ ግን... እሷ አልዋሸችም።»

ቦኖው ዘንድ ተራ ሲጠብቁ ዕድላዊት አላናገረቻትም። ውሃውን ተሸክመው ሲመለሱ ግን የማዕዶትን ጄሪካን በአንድ እጇ ደገፍ አደረገችላት።

ማክሰኞ ማለዳ ዘንጉ እንደገና ወጣ። መብራቱ ስላልተመለሰ ማደያው አሁንም አልሸጠም። ጥቁሩ ግን ከትናንቱም ዝቅ ብሏል።

«ስንት ይላል፣ የኔ እናት?»

ማዕዶት ትክክለኛውን ቁጥር ነገረችው። ደበሌ ዘንጉን እንደያዘ ቆመ።

«ትናንትስ?»

«ትናንትም ወርዶ ነበር፣ አባዬ። እኔ ነኝ የዋሸሁህ። እንደ ጋሽ ክብሩ እንዳያደርጉህ ብዬ...»  ቀጥላ የእነ ዕድላዊትን ጉድጓድ፣ ኩርኩፋውንና ኪያን ነገረችው።

 ደበሌ ዘንጉን አጥሩ ላይ አስደግፎ ክዳኑ አጠገብ ተቀመጠ።

«እኔም አጥሩ ጋ ሸቶኝ ነበር» አለ። «ዐይኔ እንጂ አፍንጫዬ ደህና ነው። ግን ቁጥሩ ካንቺ ከመጣ ልክ ነው፣ አፍንጫዬ ነው ያረጀው ብዬ ተውኩት።»

ማዕዶት ይህን ስትሰማ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ደበሌ በናፍጣ እንዳይነካት በእጁ ጀርባ ጉንጯን ጠረገላት።

«በይ ተነሺ። ለእኔ ብለሽ ነው፤ አውቃለሁ። ጎረቤት ናፍጣ እየጠጣ ግን እኔ ምን ብዬ እጸልያለሁ?»

ቢሮ ገቡ። ደበሌ በትናንቱ ቁጥር ላይ አንድ መስመር አሰመረ። መስመሩ ትንሽ ተንጋደደ። እስክሪብቶውን ወደ ዛሬው ረድፍ ሲያመጣ ማዕዶት እጁን ያዘችው።

«ያነበበው የሚለው ላይ የኔን ስም ጻፍ።»

«የአንቺን ከጻፍኩ ስለ ዐይኔ ይጠይቃሉ።»

«ይጠይቁ። የዕድልዬ እናት ጋም አብረን እንሄዳለን፤ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ደበሌ እስክሪብቶውን ሰጣት። ከዚያ መዝገቡን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «እንግዲያውስ አንቺው ጻፊው፤ እኔ እጽፋለሁ ብዬ ፊደልሽን እንዳላበላሸው።»

ማዕዶት ሁለቱንም ቁጥር በትክክል አስገባች። ከአጠገባቸው ስሟን ሙሉውን ጻፈች፦ ማዕዶት ደበሌ። ደበሌ ስልኩን አወጣና የማደያውን ኃላፊ የአቶ ጥዑመልሳንን ቁጥር እንድትፈልግለት ሰጣት።

በዚያው ቀን የከተማው ባለሙያዎች መጥተው ታንከሩንና ጉድጓዱን አሸጉ። ናፍጣው የፈሰሰው ከታንከሩ ግርጌ ዝጎ ከተበላ ቧንቧ ነበር። እውነቱን ከማዕዶት የሰሙት የዕድላዊት እናት ሰማያዊውን ጄሪካን ራሳቸው አጥበው ለልጃቸው መለሱላት። በቀጣዩ ሳምንት አሸናፊ የሚባል ሠራተኛ በደበሌ ምትክ ዘንጉን ተረከበ፤ ደበሌም ማዕዶትን አስከትሎ ዐይኑን ሊታከም ሆስፒታል ገባ።